ሱዙኪ አሜሪካን ሲለቅ ሒሳቡን ማን ከፈለ?

ተናጋሪዎቹ አጎትና የእህት ልጅ ናቸው። ጋሽ ታደሰ ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ረጅም ዘመን በመኪና ጥገና ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል፤ ሰናይት አዲስ አበባ የምትኖር የሒሳብ ባለሙያ ናት። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሰናይት፦ ጋሼ፣ አንድ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ሱዙኪ ዲዛየሬን አይቶ «ሱዙኪ እኮ አሜሪካ ውስጥ ከስሮ በሌሊት የጠፋ ድርጅት ነው፤ ምን አስበሽ ገዛሽው?» አለኝ። የምመልስለት አጣሁ። እርስዎ እዚያ ነበሩ፤ እውነት ነው?

ጋሽ ታደሰ፦ ግማሹ እውነት ነው። ከስሯል፣ ወጥቷልም። የወጣው ግን በጠራራ ፀሐይ፣ በጠበቃና በፍርድ ቤት ነው። ቀኑን አስታውሰዋለሁ፤ ኖቬምበር 5 ቀን 2012፣ የፕሬዚዳንት ምርጫው ዋዜማ። ጋራዡ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ኦባማና ሮምኒ ላይ ነበር፤ አንድ የመኪና ኩባንያ አገር ሊለቅ ነው ቢባል ማን ይሰማል?

ሰናይት፦ ከስሯል ማለቱ ትክክል ነው እንግዲህ።

ጋሽ ታደሰ፦ ማን ከሰረ? እሱን ለይ። ጃፓን ሐማማትሱ ያለው እናት ኩባንያ በዚያው ዓመት አትራፊ ነበር። የከሰረው ካሊፎርኒያ፣ ብሬአ ከተማ የነበረው የሽያጭ ቅርንጫፉ ነው፤ አሜሪካን ሱዙኪ ሞተር ኮርፖሬሽን ይባላል። ሳንታ አና ወዳለው ፍርድ ቤት ሄዶ 346 ሚሊዮን ዶላር ዕዳ አለብኝ፣ በኪሳራ ሕጉ ምዕራፍ 11 ጠብቁኝ አለ።

ሰናይት፦ ዕዳው ለማን ነው?

ጋሽ ታደሰ፦ ይኸው፣ የሒሳብ ሰው ጥያቄ መጣ! ግማሹ፣ 173 ሚሊዮን ያህሉ፣ ለራሱ ለሱዙኪ ቤተሰብ ኩባንያዎች ነው።

ሰናይት፦ እንዴ! እንዲህ ከሆነማ ዋናው አበዳሪ ራሱ ባለቤቱ ነው ማለት ነው። ባንክ በር ላይ ቆሞ ያስጨነቀው ድርጅት አይደለም። ቆይ፣ ይህን ነገር አልለቀውም፤ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ግን እንዴት እንደገቡ ይንገሩኝ።

ጋሽ ታደሰ፦ በ1985 ነው መኪና መሸጥ የጀመሩት። ሳሙራይ የምትባል ሚጢጢ ጂፕ ይዘው መጡ፤ ሸራ ጣሪያ ያላት፣ ቀላል፣ በአራቱም እግሯ የምትጎትት። ዋጋዋ ከ7 ሺህ ዶላር በታች ይጀምር ነበር። የካሊፎርኒያ ወጣት አበደላት። በ1987 ብቻ ከ80 ሺህ በላይ ሸጡ። በ1988 ኮንሱመር ሪፖርትስ የሚባለው የሸማቾች መጽሔት ፈተናትና በድንገት መሪ ሲጠመዘዝ ልትገለበጥ ትችላለች፣ ተቀባይነት የላትም ብሎ ፈረደባት። ፊልሙ በቴሌቪዥን ታየ፤ በአንድ ጎኗ ያሉት ጎማዎች ከመሬት ተነሥተው። ከዚያ በኋላ ማን ይግዛት?

ሰናይት፦ በእውነት ትገለበጥ ነበር?

ጋሽ ታደሰ፦ ጠባብና ከፍ ያለች መኪና ናት፤ እንዲህ ያለችን እንደ አውቶሞቢል ካጣደፍሻት አደጋ አለው። የመንግሥቱ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ግን በዚያው ዓመት የቀረበለትን አቤቱታ መርምሮ ከመሰሎቿ የባሰች አይደለችም፣ አላስጠራትም አለ። ሱዙኪ በ1996 መጽሔቱን ከሰሰ። ስምንት ዓመት ተሟግተው በ2004 ያለ ካሣ ታረቁ፤ መጽሔቱም በተለመደ አነዳድ በቀላሉ ትገለበጣለች ለማለት እንዳልፈለገ ገለጸ። ምን ዋጋ አለው? ሳሙራይ ከአሜሪካ ገበያ ከወጣች ዘጠኝ ዓመት አልፏት ነበር።

ሰናይት፦ ታዲያ የገደለው ያ መጽሔት ነው በሉኛ።

ጋሽ ታደሰ፦ ብዙ ሰው እንደዚያ ይላል፤ እኔ አልቀበለውም። ሱዙኪ አሜሪካ ውስጥ ከሁሉ የበለጠ መኪና የሸጠው መቼ ይመስልሻል? በ2007፣ ከ101 ሺህ በላይ። ከሳሙራይ ጣጣ ሃያ ዓመት ሊሞላው ሲል ማለት ነው። ሰው ረስቶታል። በ2011 ግን 26,618 ሆነ፤ በ2012 እስከ ኦክቶበር ድረስ 21,188። የወደቀው በእነዚያ አምስት ዓመታት ውስጥ ነው።

ሰናይት፦ በ2008 ዓለም ሁሉ ተናግቷል። ሌሎቹም ወድቀዋል እኮ።

ጋሽ ታደሰ፦ ወድቀዋል፤ ተነሥተዋልም። በ2012 የአሜሪካ ገበያ እያገገመ ነበር፤ ሱዙኪ ብቻ እዚያው እንደተኛ ቀረ። ስለዚህ ያንን የ2007ን 101 ሺህ ፈታ አድርገሽ እይው። ስንቱ የሱዙኪ መኪና ነበር?

ሰናይት፦ እንዴት? ሁሉም የሱዙኪ ነው እንጂ።

ጋሽ ታደሰ፦ አርማው ነው የሱዙኪ። ታሪኩን ስሚ። ጄኔራል ሞተርስ፣ ጂ ኤም የሚባለው፣ ከ1981 ጀምሮ የሱዙኪ ባለ አክሲዮን ነበር፤ አንድ ሰሞን ድርሻው 20 በመቶ ደርሷል። የኮሪያው ዴዉ በከሰረ ጊዜ ጂ ኤም በ2002 ፋብሪካዎቹን ወሰደ፣ ሱዙኪም ድርሻ ገዛበት። አሜሪካ ውስጥ የነበረውን የዴዉን የሽያጭ ድርጅት ግን ጂ ኤም አልፈልግም አለ፤ ዴዉ የገዛው ሰውና መኪናውን የሚሸጠው ዲለር ሜዳ ላይ ቀሩ። ትንሽ ቆይቶ እነዚያው የኮሪያ መኪኖች በአዲስ ቅርጽ ተመለሱ፤ አፍንጫቸው ላይ የሱዙኪ ኤስ ተለጥፎ። ፎሬንዛ፣ ሬኖ፣ ቬሮና ተባሉ።

ሰናይት፦ ሰውየው ሱዙኪ ገዛሁ ብሎ ዴዉ ነድቶ ወጣ በሉኛ!

ጋሽ ታደሰ፦ እኔ ፎሬንዛ ኮፈን ከፍቼ የማየው ሞተር ሱዙኪ አልነበረም። የመለዋወጫው ቁጥር የጂ ኤም ነው፤ ያው ዕቃ በሌላ አገር በሼቭሮሌ ስም ለሚሸጠው ወንድሙ ይገጥማል። ኢኩዌተር የተባለው ፒክአፕ ደግሞ የኒሳን ፍሮንቲየር ነው፤ ፊቱን ብቻ ቀይረውታል። ኤክስ ኤል 7 የምትባለው ትልቋ መኪና ካናዳ ኢንገርሶል ውስጥ ከጂ ኤም ጋር በሽርክና በነበራቸው ፋብሪካ፣ በጂ ኤም ሻንሲ ላይ የተሠራች ናት። ጎረቤት የሠራውን ወጥ በራስሽ ድስት ገልብጠሽ ለእንግዳ እንደማቅረብ ነው። ጨው ቢበዛ የምትታሚው አንቺ ነሽ፤ ቢጣፍጥም ሙያውን አላገኘሽውም።

ሰናይት፦ ለምን የራሳቸውን አላመጡም? ስዊፍትን የመሰለ መኪና እያላቸው!

ጋሽ ታደሰ፦ አላመጡትም። የቀድሞው ስዊፍት በ2001 ተቋረጠ፤ ዓለምን የዞረው አዲሱ ስዊፍት አሜሪካ አልገባም። ያንቺም ዲዛየር አሜሪካን ረግጦ አያውቅም። አየሽ፣ የሱዙኪ ሙያ ትንሽ መኪና ነው፤ ርካሽ፣ ቀላል፣ ቤንዚን የማይጠጣ። አሜሪካዊው ደግሞ ቤንዚኑ ርካሽ ነው፣ መንገዱ ሰፊ ነው፣ ቤተሰቡን፣ ውሻውንና ማቀዝቀዣውን ጭኖ መሄድ ይፈልጋል። ስለዚህ ትልልቁን ከሌላ ተዋሱ። 2008 ሲመጣ ጂ ኤም ራሱ ሊሰጥም ደረሰ፤ የቀረችውን 3 በመቶ አክሲዮን በኖቬምበር ሸጦ ሄደ። የኮሪያዎቹ መኪኖች ቆሙ፣ በ2009 የካናዳውንም ፋብሪካ ለቀቁ። ከዚያ በኋላ ሱዙኪ እጁ ላይ የቀረው ከጃፓን በመርከብ የሚያመጣው ብቻ ሆነ፤ ኢኩዌተር ሲቀር።

ሰናይት፦ በመርከብ ማምጣቱ ምን ክፋት አለው? ጃፓኖቹ ሁሉ የሚያደርጉት ነው።

ጋሽ ታደሰ፦ ቶዮታና ሆንዳ አሜሪካ ውስጥ ፋብሪካ አላቸው፤ ከሚሸጡት ብዙውን እዚያው ይሠራሉ። ለሱዙኪ ግን የጃፓን ገንዘብ፣ የን፣ መድኃኒት የሌለው በሽታ ሆነበት። አንቺው አስይው። አንድ መኪና ጃፓን ውስጥ ተሠርቶ እስኪያልቅ 1 ሚሊዮን 600 ሺህ የን ፈጀ እንበል። በ2007 አንድ ዶላር ወደ 120 የን ይመነዘር ነበር፤ በ2012 ወደ 80 ወርዷል።

ሰናይት፦ ለ120 ሲካፈል... 13 ሺህ 300 ዶላር ገደማ። ለ80 ሲካፈል 20 ሺህ። ወይ ጉድ! አንዲት ብሎን ሳይጨመርበት ያው መኪና በ6 ሺህ 700 ዶላር ተወደደ። ርካሽ መኪና ሻጭ ደግሞ ዋጋ ከጨመረ ምን ቀረው?

ጋሽ ታደሰ፦ ምንም። ያውም ያን ጊዜ ነው ጥሩውን መኪና ያመጡት፤ እኔን እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው። ኪዛሺ ትባላለች። በ2009 መጨረሻ ላይ መጣች፤ 2 ነጥብ 4 ሊትር ሞተር፣ ከፈለግሽ በአራቱም ጎማ የምትጎተት። እኔ በሥራዬ ያልነዳሁት የመኪና ዓይነት የለም ማለት ይቻላል። ኪዛሺን ጠግነሽ ለሙከራ ስታወጫት መሪው እጅሽ ውስጥ ጭብጥ ይላል፤ ጠመዝማዛ ላይ አትዋልልም፤ በሩ ሲዘጋ ድምፁ የውድ መኪና ነው። የመኪና ጋዜጠኞቹም አመስግነዋታል። ግን ማን ያውቃታል? በዚያ ዋጋ የቶዮታ ካምሪና የሆንዳ አኮርድ ቆመው እየጠበቁ፣ «ሱዙኪ እኮ ሞተር ሳይክል ነው» ለሚል ገዢ ምን ትያለሽ?

ሰናይት፦ ዘግይታ የመጣች ሙሽራ በሉኝ።

ጋሽ ታደሰ፦ ተረቱን ተይውና፣ ሃያ አራት ዓመት የራስሽን ስም ሳትሠሪበት ቆይተሽ በሃያ አምስተኛው ዓመት አንድ ጥሩ መኪና ብታመጪ አይሆንም። ፍርዴ ይኸው ነው። ገንዘቡ ሳይሆን ስሙ ነው የጎደላቸው።

ሰናይት፦ እሺ፣ እኔ ደግሞ ወደ ሒሳቤ ልመለስ። እናትየው አትራፊ ናት ካሉኝ፣ ለምን ሱቁን ዘግታ፣ ያለባትን ከፍላ አትወጣም ነበር? ፍርድ ቤት ምን አስኬዳት?

ጋሽ ታደሰ፦ የአሜሪካን ሕግ ካላወቅሽ አይገባሽም። እዚያ አምራቹ መኪናውን በቀጥታ አይሸጥም፤ ዲለር ነው የሚሸጠው። ዲለሩ የራሱን ገንዘብ አፍስሶ ሕንፃ ይሠራል፣ መካኒክ ይቀጥራል፣ መሣሪያ ይገዛል። ስለዚህ የየክፍለ ግዛቱ ሕግ አምራቹ ዲለሩን እንደ ፈለገ እንዳያሰናብተው ይከለክላል። ጂ ኤም ኦልድስሞቢልን ለመዝጋት በ2000 ወስኖ የመጨረሻው መኪና የወጣው በ2004 ነው፤ ለዲለሮቹ ብዙ ገንዘብ ከፈለ፣ ከአንዳንዶቹም ጋር ተካሰሰ። ኪሳራ የገባ ድርጅት ግን በዳኛ ፈቃድ ውሉን ማፍረስ ይችላል።

ሰናይት፦ ገባኝ። ውሉ ሲፈርስ የዲለሩ የካሣ ጥያቄ መያዣ እንደሌለው ዕዳ ተቆጥሮ ከሌላው አበዳሪ ጋር ወረፋ ይይዛል። ጋሼ፣ ይሄ ኪሳራ አይደለም፤ መቀስ ነው! ሀብታሟ እናት ሐማማትሱ ተቀምጣ፣ ልጅቱን «ድሃ ነኝ በይ» ብላ ፍርድ ቤት ላከቻት።

ጋሽ ታደሰ፦ አትቸኩይ። ቅርንጫፉ በእርግጥ ይከስር ነበር። ድርጅቱ ራሱ ያቀረበው ምክንያት የሚካድ አይደለም፤ ሽያጩ ዝቅተኛ ነው፣ የመኪናው ዓይነት ጥቂት ነው፣ የኑ ተወዷል፣ የፌዴራልና የክፍለ ግዛት ደንብ ማሟያው ወጪ ከሚሸጠው መኪና ጋር አይመጣጠንም። አንድ ሚሊዮን መኪና የሚሸጥና ሃያ ሺህ የሚሸጥ ለጭስና ለአደጋ ፍተሻ የሚያወጡት ወጪ ያን ያህል አይለያይም።

ሰናይት፦ መውጣቱንማ አልነቀፍኩም። ዲለሮቹ ስንት ነበሩ?

ጋሽ ታደሰ፦ ከ210 በላይ፤ 220 ገደማ።

ሰናይት፦ 21 ሺህ መኪና ለ220 ዲለር፣ በአሥር ወር። ለአንዱ በወር አሥር መኪና እንኳ አይሞላም። በዚህ የሚተዳደር ቤት የለም፤ መዘጋት ነበረበት። እኔ የምለው ሌላ ነው። ዲለሩ ገንዘቡን ያፈሰሰው ትንሿን የብሬአን ድርጅት አምኖ ነው ወይስ የሱዙኪን ስም? የሱዙኪን ስም ነው። ትርፍ ሲመጣ ስሙ አንድ ነው፤ ዕዳ ሲመጣ «እኛና ቅርንጫፋችን ለየቅል ነን» ይባላል።

ጋሽ ታደሰ፦ ብዙዎቹ ዲለሮች ጎን ለጎን ሌላ መኪናም ይሸጡ ነበር፤ ሁሉም ጎዳና አልወጡም። የጥገናና የመለዋወጫ ጣቢያ ሆናችሁ ቀጥሉ የሚል አማራጭም ቀርቦላቸዋል። ደግሞ ሕጉን ሱዙኪ አልጻፈውም። በሩን አሜሪካኖቹ ራሳቸው ናቸው የሠሩት፤ ጂ ኤምና ክራይስለርም በ2009 በዚያው በር አልፈዋል፤ እነሱም ብዙ ዲለር ቆርጠዋል።

ሰናይት፦ እነሱ ትንፋሽ አጥተው ነበር። ሐማማትሱ ትንፋሽ አላጣም።

ጋሽ ታደሰ፦ እሺ፣ በዚህ አንስማማም። ግን መኪናውን ለገዛው ሰው ያደረጉትን አትንፈጊያቸው። ሱዙኪ ለሞተሩና ለካምቢዮው የ7 ዓመት ወይም የ100 ሺህ ማይል ዋስትና ይሰጥ ነበር፤ መኪናው ሲሸጥ ዋስትናው ለአዲሱ ባለቤት ይተላለፋል። ከወጡም በኋላ ያንን ዋስትና አከበሩ። ሱዙኪ ሞተር ኦፍ አሜሪካ የሚባል አዲስ ድርጅት አቋቁመው ሞተር ሳይክሉን፣ የጀልባ ሞተሩንና የመኪናውን የመለዋወጫ ሥራ ወደ እሱ አዛወሩ። ከዴዉ ጋር አወዳድሪው።

ሰናይት፦ እርስዎ ጋራዥ ውስጥስ እንዴት ነበር? በወረቀት ማክበርና መደርደሪያ ላይ ዕቃ ማግኘት ይለያያሉ።

ጋሽ ታደሰ፦ ልክ ብለሻል፤ የሚገርመውም እዚህ ላይ ነው። ለማስጠገን ቀላል ሆነው የቀሩት እነዚያው የተዋሱት መኪኖች ናቸው። ኢኩዌተር ይዞ ለመጣ ሰው ኒሳን ዲለር ደውዬ ማዘዝ ነው። ፎሬንዛም የጂ ኤም ዘመድ ስላለው ዕቃ አይጠፋለትም። አስቸጋሪዋ እውነተኛዋ ሱዙኪ፣ ኪዛሺ ናት። ዘይት ማጣሪያና ሸራ ፍሬን የትም ይገኛል። የፊት መብራቷ ወይም ፓራውልቷ የተሰበረ እንደሆነ ግን በሌላ ስም የተሸጠ እህት የላትም፤ የተሸጠችው ጥቂት ስለሆነች አሮጌ መኪና በሚፈታበት ግቢም ብዙ አትገኝም። ለትንሽ ግጭት መድን ድርጅቱ «መኪናው ከጥገና ውጪ ነው» ብሎ ገንዘቡን ቢከፍል ይሻለዋል።

ሰናይት፦ እንዲያውም ደንበኛ የሚቀጣው እንዲህ ነው። ጥሩውን መርጦ የገዛው ተጎዳ።

ጋሽ ታደሰ፦ የሚያስቅሽ ደግሞ ልጨምርልሽ። ሱዙኪ እወጣለሁ ባለ በሚቀጥለው ወር ሺንዞ አቤ የጃፓን ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። በእሳቸው የኢኮኖሚ ፖሊሲ የኑ ቁልቁል ሄደ፤ በ2013 ሜይ ላይ ዶላሩ 100 የን አለፈ።

ሰናይት፦ አይ! ስድስት ወር ቢታገሡ ኖሮ?

ጋሽ ታደሰ፦ ብዙ ሰው እንደዚያ አለ። እኔ ግን ምንም አይለወጥም ነበር ባይ ነኝ። የን ቢረክስ ኪዛሺ ትረክሳለች እንጂ ሱዙኪ የሚለው ስም አሜሪካዊው ጭንቅላት ውስጥ አይገባም። በዚያ ላይ ካናዳንም በ2013 እንለቃለን ብለው በ2014 ወጡ፤ የኑ እየወረደ ማለት ነው። የቆረጡበት ጉዳይ ነበር። ሽማግሌው ደግሞ አንዴ ከቆረጡ ቆረጡ ነው።

ሰናይት፦ የትኛው ሽማግሌ?

ጋሽ ታደሰ፦ ኦሳሙ ሱዙኪ ናቸዋ! ኩባንያው በ1909 ሐማማትሱ ውስጥ ሚቺዮ ሱዙኪ ያቋቋሙት የሸማኔ ዕቃ መሥሪያ ነው። ኦሳሙ የቤቱን የልጅ ልጅ አግብተው የቤተሰቡን ስም የወሰዱ አማች ናቸው። ከ1978 ጀምሮ ከአራት አሥርት ዓመታት በላይ መሩት፤ በ2024 ዲሴምበር በ94 ዓመታቸው ዐረፉ። ቆጣቢነታቸው የታወቀ ነው፤ ለአየር ማቀዝቀዣ የሚወጣው እንዲቀንስ የፋብሪካ ጣሪያ ዝቅ ይደረግ ብለው አዘዋል ይባላል። በሰው መታዘዝም አይወዱም። ፎልክስዋገን በ2010 የሱዙኪን 19 ነጥብ 9 በመቶ ገዛ፤ ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላ እንደ በታች ሹም ቆጠሩን ብለው ፍቺ ጠየቁ። በ2015 በግልግል ዳኝነት አክሲዮናቸውን አስመለሱ።

ሰናይት፦ እኚህ ሰው ታዲያ አሜሪካ ውስጥ ሃያ ሰባት ዓመት ምን ሲያደርጉ ከረሙ? ቆጣቢ ሰው እንዲህ ያለ ጉድጓድ ውስጥ ገንዘብ አይጥልም።

ጋሽ ታደሰ፦ የሳሙራይ ጣዕም ነው። አንዴ 80 ሺህ የሸጠ ሰው ያ ቀን ይመለሳል እያለ ይጠብቃል። ትልቅ የመኪና ኩባንያ አሜሪካ ከሌለ ትልቅ አይባልም የሚል ኩራትም አለ። እሳቸው ግን ሌላ ቦታ የዘሩት ነበራቸው፤ ያዳናቸውም እሱ ነው። የሕንድ መንግሥት ማሩቲ ለሚባለው ኩባንያው ሽርካ ሲፈልግ በ1982 ገብተው 26 በመቶ ያዙ። ያን ጊዜ ሕንድ የመኪና አገር አልነበረችም። በ1983 ዲሴምበር ጠቅላይ ሚኒስትሯ ኢንዲራ ጋንዲ የመጀመሪያዋን ማሩቲ 800 ቁልፍ ለገዢው አስረከቡ። ሱዙኪ አሜሪካ ውስጥ 26 ሺህ መኪና ለመሸጥ ሲያጣጥር ማሩቲ በዓመት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ይሸጥ ነበር።

ሰናይት፦ ይህን ሰንጠረዥ ያየ የሒሳብ ሹም ምን እንደሚል አውቃለሁ። የአሜሪካን መስመር ይሰርዘዋል።

ጋሽ ታደሰ፦ ሕንድም ማር ብቻ እንዳይመስልሽ። በዚያው በ2012 ጁላይ ማኔሳር ፋብሪካ ውስጥ የሠራተኛና የአስተዳደር ጠብ ወደ ሁከት ተለውጦ አንድ ሥራ አስኪያጅ ተገድለዋል፤ ፋብሪካው አንድ ወር ተዘግቷል። ያም ሆኖ ከሕንድ እንውጣ ያለ የለም። በአንድ ዓመት ውስጥ ከሁለቱ የትኛውን እንደምትታገሺ ትመርጫለሽ፤ እነሱ መረጡ። በ2018 ከቻይናም ወጡ፤ ታይላንድ ያለውንም ፋብሪካ ለመዝጋት በ2024 ወስነዋል።

ሰናይት፦ እኔ ጋ የደረሰው ዲዛየር የዚያ ምርጫ ልጅ ነው ማለት ነው።

ጋሽ ታደሰ፦ አዎ፣ ሕንድ የተሠራ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የታክሲ መተግበሪያ ያለው ሾፌር ሁሉ ለምን የያዘው ይመስልሻል? ቤንዚን ይቆጥባል፣ ጠጋኙ ያውቀዋል፣ ብዙ ስለሆነ ዕቃ አስመጪው ይደፍራል። ነገሩ ተገልብጦ ዛሬ ቶዮታ ነው የሱዙኪን መኪና በስሙ የሚሸጠው፤ አፍሪካ ውስጥ ስታርሌት የሚባለው ሕንድ የተሠራ ሱዙኪ ባሌኖ ነው።

ሰናይት፦ ለባልደረባዬ ይህን እነግረዋለሁ። ግን እኮ ጋሼ፣ እሱን ያሳቀው ሌላ ነው። ከ2024 ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ስለተከለከለ እሱ የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና ገዝቷል። የሠሪውን ስም ነግሮኝ ረስቼዋለሁ። መንገድ ላይ የማየው አርማ ሁሉ አዲስ ነው።

ጋሽ ታደሰ፦ ታዲያ ጥያቄውን ለራሱ ይጠይቅ። ኤሌክትሪኩን አልነቅፍም፤ ዘይት አይቀየርለት፣ ቤንዚን አይሰለፍ። ግን ቻይና ውስጥ የኤሌክትሪክ መኪና ሠሪ እንደ አሸን ፈልቶ አሁን እየተጣራ ነው። ደብሊው ኤም ሞተር የሚባለው የሻንጋይ ኩባንያ በ2023 ኪሳራ ውስጥ ገባ፤ ደንበኞቹ በስልካቸው መኪናቸውን የሚያዙበት መተግበሪያ ሳይቀር ተቋረጠባቸው። ሱዙኪ ሲወጣ ቢያንስ የሚከሰስ ድርጅት፣ የሚጠየቅ ዳኛ፣ ዕቃ የሚያቀርብ መጋዘን ትቶ ነው የወጣው። አንድ ነጋዴ አሥር መኪና በኮንቴይነር አስጭኖ ሲሸጥ ግን የሚወጣ ኩባንያ እንኳ የለም፤ መጀመሪያውንም አልገባም።

ሰናይት፦ ሠሪው ሳያውቀው የተሸጠ መኪና። ዋስትናውን የሚሰጠው ማን ነው ታዲያ?

ጋሽ ታደሰ፦ አስመጪው ነዋ፤ ነገ ሱቁን ቢዘጋ ደግሞ ማንም። መንግሥት የሽያጭ ፈቃድ ሲሰጥ አስመጪውን ከሠሪው ጋር ያለህን ውል አምጣ፣ የመለዋወጫ ክምችትህንም አሳይ ሊለው ይገባል። ገዢውም ቢሆን ቀብድ ከመክፈሉ በፊት ሻጩን ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ የዚህን መኪና የፊት መብራት ዛሬ የት አገኛለሁ? ባትሪው ቢበላሽ የሚከፍተው ሰው ማን ነው? የዋስትና ወረቀቱ ላይ ያለው ማኅተምስ የማን ነው? ሻጩ በቃል ብቻ ከመለሰ ገንዘቡን ይዞ ይመለስ።